በሌላ ሰው ፊት ሥር የተጻፈ ስም

ሰውየው ሲያንኳኳ በሩን የከፈተለት አባቴ ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ ምስር እየለቀምኩ ስለነበር ንግግራቸው ይሰማኛል።

«እንደምን ዋሉ? ዶን ሊኖ ኩኤቶን ፈልጌ ነበር፤ ኳስ ተጫዋቹን።»

«ይግቡ» አለው አባቴ።

ሰውየው አልገባም። ብቅ ብዬ ሳይ በእጁ የያዛትን የተጫዋች ፎቶ ያለባት ትንሽ ካርድ አንዴ፣ የአባቴን ፊት አንዴ ያያል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ወንድምዎ የሉም እንዴ?» አለ።

ስህተቱን ላርም አፌን ስከፍት አባቴ ከጀርባው በእጁ ዝም በይ አለኝ።

«ወጣ ብሏል» አለ። «ምን ልበልልዎ?»

«ካርድ ላስፈርማቸው ነበር። ከሌዮን ድረስ ነው የመጣሁት። እሳቸው የተጫወቱበትን ዓመት የካርድ አልበም ሁሉንም አስፈርሜ እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩኝ።»

«ይተዉልኝ። እሱ ሲመጣ ይፈርማል፤ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሰው ይውሰዱት።»

ሰውየው ካርዱን በሁለት እጁ አስረከበውና ደረጃውን ሊወርድ ሲል ዞር አለ። «ወንድማማች መሆናችሁ ግን ያስታውቃል» አለ። «ትከሻችሁ አንድ ነው።»

በሩ ሲዘጋ አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ኔሊ፣ ሰማሽ? በስድሳ ስምንት ዓመቴ ወንድም ወለደልኝ እኮ!» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ጣቱን ይዤ የካርዱ ጥግ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ፈረመ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የአባቴ ዓይን መሃል መሃሉ ጠፍቶበታል። ዳር ዳሩን ያያል። መንገዱን፣ የወንዙን ድልድይ፣ የማልያ ቀለም ይለያል። ትክ ብሎ የሚያየው ነገር ግን ይጠፋበታል፤ ስለዚህ የሰው ፊት አያይም። ጠዋት ሲላጭ መስታወት ፊት የሚቆመው ከልማድ ብቻ ነው።

ካርዱ ላይ ያለው ፊት የእሱ አይደለም። ስሙ ግን የእሱ ነው፦ ኩኤቶ፣ ተከላካይ።

ነገሩን በቤታችን የማያውቅ አልነበረም። አባቴ አንደኛ ዲቪዚዮን የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ፣ በወደቡ ከተማ ክለብ ነው። ያን ጊዜ የካርዶቹን ፎቶ የሚያነሳው ሰው ወደየክለቡ በዓመት አንድ ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን አባቴ ሐኪም ቤት ተኝቶ ከጉልበቱ ውኃ እየተቀዳለት ነበር። የቡድን መሪው ፎቶ አንሺው በአንድ ሰው ምክንያት ሌላ ቀን መጥቶ ልምምድ እንዳያስፈታ ብሎ፣ ለሙከራ መጥቶ የነበረ አንድ የናቫራ ልጅ የአባቴን ማልያ አልብሶ አስቀመጠው። ልጁ ፌርሚን ኡርዲያይን ይባላል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አልተፈለገም ተባለና ወደ አገሩ ሄዶ የወተት መኪና ነዳ።

ካርዱ ሲወጣ የቡድኑ ልጆች በሳቅ ሞቱ። አባቴም አብሯቸው ሳቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት የራሴን ያወጡታል ብሎ አሰበ። መጋቢት ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቪያኖራ ተመልሶ ለከተማችን ክለብ እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ተጫወተ፤ ቀን ቀን የብረታ ብረት መሸጫ ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ይለማመዳል። ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት ካርድ የሚያትም አልነበረም።

ደብዳቤ ግን ይመጣል። በዓመት አምስት፣ ስድስት ሰው የኡርዲያይንን ፊት ልኮ የአባቴን ፊርማ ይጠይቃል። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንዱን አግብቼ የሌላውን ደብዳቤ እቀበላለሁ» ትል ነበር። አባቴ አንዱንም ሳይፈርም መልሶ አያውቅም። ለምን እንደማይነግራቸው ልጅ ሆኜ ስጠይቀው፣ «ስሙ እኮ የእኔ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ግንቦት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የሜዳውን የውጭ ግድግዳ በሥዕል ሊያስውብ ወሰነ። አንደኛ ዲቪዚዮን የደረሰ የቪያኖራ ልጅ አባቴ ብቻ ስለሆነ እሱ ይሣል ተባለ። ቁመቱ ስምንት ሜትር። የባህል ኃላፊዋ ኤስትሬያ፣ በትምህርት ቤት ከእኔ ሦስት ክፍል ትቀድም የነበረችው፣ ፎቶ እንድልክላት በኢሜይል ጠየቀችኝ። ቤት ያለውን ሁሉ ፈለግሁ። አባቴ ፎቶ የሚወድ ሰው አልነበረም። የሠርጉ ፎቶ ላይ ወደ እናቴ ዞሯል። ያገኘሁት አንድ የቡድን ፎቶ ነው፤ ዝናብ እየዘነበ የተነሳ፣ እሱ ከኋላ ረድፍ ሦስተኛው፣ ፊቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። እሱኑ ላክሁ።

መልሷ በማግስቱ መጣ። «አመሰግናለሁ ኔሊዳ፤ አትጨነቂ፣ ጥርት ያለ ሌላ አግኝተናል።»

የምሠራበት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከየት አገኙት ብዬ አሰብኩ፤ ከድሮ ጋዜጣ ይሆናል ብዬ ለራሴ መለስኩ። መጠየቅ ሥራቸውን እንደመጠራጠር መሰለኝ። ሰው ደግሞ ተሰልፎ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

አባቴ ጉዳዩን የሰማ ዕለት ብዙ አልተናገረም። ማታ ግን ሾርባውን እየበላ፣ «ጠባሳውን እንዳይረሱት ንገሪያቸው» አለኝ።

ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ሳለ አብሮት ለቴስታ የዘለለ አጥቂ በክርኑ መትቶት፣ በእረፍት ሰዓት ያለ ማደንዘዣ ሰባት ቦታ ተሰፍቶ ሁለተኛውን አጋማሽ ተጫውቷል። ከሙያው ሁሉ በአፉ ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንን ነው።

«ሰው ከዚያ ነው የሚለየኝ» አለ። «ለእኔ የሚታይ መስሎሽ አይደለም። እናንተ እንድታዩት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ፊት ሥር ፈረምኩ፤ አሁን እንግዲህ በራሴ ፊት ሥር ይሁን።»

ስለ ጠባሳው ጻፍኩላት። ልብ የምትመስል ምልክት ላከችልኝ።

ሠዓሊው ሦስት ሳምንት ሠራ። ግድግዳው በሸራ ተሸፍኖ ነበር፤ ሰው ከሥር እያለፈ የቀለም ሽታ ብቻ ያሸታል። አባቴ በየቀኑ በዚያ በኩል እንድንሄድ ይፈልጋል። ሸራው ሥር ሲደርስ ቆም ይልና ጆሮውን ይሰጣል። «እያፏጨ ነው» ይለኛል። «ደስ እያለው ነው የሚሠራው።»

ምረቃው እሑድ ነበር። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለአንዲት አሮጊት መድኃኒት አድርሼ ስመለስ መወጣጫው ተነሥቷል፤ ሸራውም ለደቂቃ ተገልጧል። ቀና ብዬ አየሁ።

ኡርዲያይን ነበር። የተጠቀለለ ፀጉሩ፣ ሰፊ አገጩ፣ ለፎቶ አንሺው ሳያምንበት ፈገግ ያለው አፉ። ቤታችን በየዓመቱ ስድስት ጊዜ የሚመጣው ፊት ስምንት ሜትር ሆኖ ቆሟል። ከግራ ቅንድቡ በላይ የአባቴ ጠባሳ አለ። ሠዓሊው በጥንቃቄ ነበር የሠራው፤ ሰባቱ ስፌት ይቆጠራል።

ማዘጋጃ ቤቱ በስምንት ሰዓት ይዘጋል። ሮጬ ደረስኩ። ኤስትሬያ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ አገኘኋት።

«ኔሊዳ! አየሽው? አላለቀስሽም? እኔ እኮ ተንሰቅስቄ ነው ያለቀስኩት።»

«ኤስትሬያ፣ እሱ አባቴ አይደለም።»

ሳቀች። «የኔ ቆንጆ፣ የእኔንም አባት በወጣትነቱ ብታዪው አታውቂውም። ሁላቸውም ድሮ ፀጉር ነበራቸው።»

«ስሚኝማ። ካርዱ ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው። አባቴ ፎቶው የተነሳ ቀን አልነበረም።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። እሷ እየሰማች ወደ ቢሮዋ መልሳ አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ከክለቡ ሰዎች ቤላርሚኖ ብቻ። ሌላው ሞቷል።»

«ሠዓሊው ትናንት ፖርቱጋል ገባ፤ እስከ መስከረም ሥራ አለው። መወጣጫው የኪራይ ነው፣ ሄደ። እሑድ ከቴሌቪዥን ይመጣሉ።» ግንባሯን ያዘች። «እኔ እኮ ስሙን ጽፌ ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ሁሉ እሱ ነው። በየቦታው እሱ ነው ያለው። አንቺስ ለምን ከየት አገኛችሁት ብለሽ አልጠየቅሽኝም?»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ ያዝኩ።

«ኔሊዳ» አለች ቆይታ፣ ቀስ ብላ። «አባትሽ… ዓይናቸው…»

አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም። ያንን አሁንም አስበዋለሁ።

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየቦረሸ ነበር። ፀጉሩን ተቆርጦ መጥቷል፤ አንገቱ ላይ የፀጉር አስተካካዩ ዱቄት አለ።

«ሸራውን ገለጥ አድርገውት ነበር አሉ» አለኝ። «አየሽው?»

«አየሁት።»

«ጠባሳው አለ?»

«አለ» አልኩ። «ሰባቱም ስፌት አለ።»

ብሩሹን አቆመ። «ጎበዝ ልጅ ነው» አለ፤ ሠዓሊውን ማለቱ ነው። ሌላኛውን ጫማ አነሣ። ለመናገር ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ውኃ ትፈልጋለህ ወይ አልኩት። አንዴ ነገ ይዘንባል መሰለኝ አልኩት። ሦስተኛውን ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤላርሚኖ ሄድኩ። ቤላርሚኖ የቪያኖራ ሰው ነው፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። በወደቡ ክለብ የማልያና የጫማ ኃላፊ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ አባቴን እዚያ የወሰደውም እሱ ነው። መጠጥ ቤቱ ጥግ ላይ ዶሚኖ ይጫወት ነበር። ሲያየኝ ጠጠሮቹን ገልብጦ ተነሣ፤ ወደ ውጭ ወጣን።

«ትናንት ሲገልጡት አይቼዋለሁ» አለ እኔ ሳልናገር። «ያ የናቫራ ልጅ። ሁለት ሳምንት መጥቶ ዕድሜ ልኩን ቀረ።»

«ለአባዬ እንዳትነግረው ልለምንህ ነበር የመጣሁት። ወይም እንድትነግረው። አላውቅም።»

ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። «የአባትሽን አምስት ቁጥር ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ? መሪው ስጠው አለኝ፣ ሰጠሁት። ልጁ እንኳ ‹የሰው ማልያ ነው› ብሎ አመንትቶ ነበር። ‹ልበስ፣ ለአንድ ፎቶ ነው› አልኩት እኔ።» ወደ ሜዳው አቅጣጫ ተመለከተ። «ለአንድ ፎቶ ነው አልኩት።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ምን እናደርጋለን? እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ?» ተቆጣ፤ ግን በእኔ አልነበረም። «አልናገርም። አርባ ዓመት ዝም ብዬ ነገ ላፈርሰው ነው? አጠገቡ እቆማለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

እሑድ ፀሐይ ወጣ። ግድግዳው ሥር ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ ብዙዎቹ አረንጓዴና ጥቁሩን ማልያ ለብሰዋል። አባቴን እኔ በቀኝ፣ ቤላርሚኖ በግራ ይዘነው ቆምን። ሰው እየመጣ ትከሻውን ይመታዋል።

«ሊኖ፣ ዛሬ ደግሞ ሸሚዝህ ተተኩሷል! ልጅህ ዳረችህ እንዴ?»

«ዝም በል አንተ፤ አንተን የሚሥል ሰው ቢገኝ ግድግዳው አይበቃውም» አለ አባቴ፤ የሰውየውን ሆድ በእጁ እያሳየ። ሁሉም ሳቁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሸራው ወረደ። ጭብጨባ ሆነ። አባቴ ትክ ብሎ ካየ እንደሚጠፋበት ስለሚያውቅ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ በዓይኑ ጥግ ተመለከተ።

«ትልቅ ነው» አለ። «አረንጓዴው ጥሩ ነው። ኳሱን እግሬ ሥር ነው ያደረገው?»

«አዎ፣ ግራ እግርህ ሥር።»

«ምን እመስላለሁ?»

«ወጣት ነህ» አልኩት። «ትንሽ ፈገግ ብለሃል።»

«እኔ?» አለና ሳቀ። «እኔ ለካሜራ ፈገግ ብዬ አላውቅም።»

ቤላርሚኖ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያን ጊዜ ነው አንድ ሰው በሰዉ መሃል እየተጋፋ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ የመጣው። ካርድ ሊያስፈርም የመጣው የሌዮኑ ሰው ነበር። ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«አስታወሱኝ? ካርዱን ይዤ መጥቼ የነበርኩት ነኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ! ወንድምዎስ የት አሉ? እንዴት አድርጎ ነው የሣላቸው እባክዎ! ቁጭ ካርዱን! የፀጉሩ አጠቃቀለል እንኳ አልቀረ። ጠባሳዋን ብቻ ነው ሠዓሊው ከየትም አምጥቶ የጨመረው።»

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ክንዴን የያዘው እጁ ግን ከበደኝ።

«ካርዱን ነው?» አለ።

«ልክ ካርዱን። እኔን ይመኑኝ፤ ያንን ፊት ከእናቴ ፊት በላይ ነው የማውቀው።»

«ወንድሜ መምጣት አልቻለም» አለ አባቴ።

ሰውየው አዝኖ አንገቱን ነቀነቀና ፎቶ ሊያነሳ ወደ ፊት ሄደ። አባቴ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከዓርብ ጀምሮ።»

«ቤላርሚኖስ?»

ቤላርሚኖ ጫማውን እያየ ነበር። «ሊኖ፣ እኔ…»

«ተወው» አለ አባቴ። «ማልያው ልኩ ነበር፤ ለሁለታችንም።»

ከዚያ በላይ ሊናገር ጊዜ አልነበረውም። ኤስትሬያ በማይክሮፎኑ፣ «አሁን ደግሞ ከተማችንን አንደኛ ዲቪዚዮን ያደረሱት ዶን ሊኖ ኩኤቶ!» ብላ ጠራችው። እጁን ይዛ ወደ መድረኩ ወጣችና ማይክሮፎኑን አስጨበጠችው። ፊቷ ነጭ ሆኗል። የሌዮኑ ሰው ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አወረደ። አባቴን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ አየ።

አባቴ ማይክሮፎኑን ወደ አገጩ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሰዉ ስሜቱ ነክቶት ነው ብሎ አጨበጨበለት። ሊነግራቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲነግራቸው ፈለግሁ፣ ፈራሁም።

«ሊኖ ብዙ መናገር አይወድም» አለ። «ሊኖ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ስለ እሱ ሆኜ አመሰግናለሁ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ፣ «እንደ ትልልቆቹ ኮከቦች ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ያወራል እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ የበለጠ ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ። ከቴሌቪዥን የመጣው ልጅ ግድግዳው ሥር አቆመውና፣ «ትንሽ ወደ ግራ አባት፣ የተጻፈውን ስም ሸፈኑት» አለው። አባቴ ወደ ግራ ሄደ።

ስንመለስ የሌዮኑ ሰው ድልድዩ ላይ ደረሰብን። አንገቱ ድረስ ቀልቷል። «ዶን ሊኖ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ያን ቀን እርስዎ መሆንዎን ሳላውቅ… ዕድሜ ሁላችንንም እኮ ይለውጣል።»

አባቴ፣ «ይለውጣል» አለው።

ማታ ሳይበላው የቀረውን ምሳ አሙቄ ሰጠሁት፤ ትንሽ ቀመሰና ተኛ። ስለ ግድግዳው አልተነጋገርንም። የኤስትሬያ ኢሜይል የመጣ ቀን ፎቶውን ከየት እንዳገኙት አለመጠየቄን ልነግረው ፈልጌ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኛል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከአተነፋፈሱ ያስታውቃል። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሌዮን ፖስታ መጣ። ውስጡ አሥራ ሁለት ካርድ ነበር፤ ሰውየው ያለበት የካርድ ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ምረቃውን በቴሌቪዥን አይተው የላኩት። አሥራ ሁለቱም ኡርዲያይን ናቸው። ለአባቴ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት፤ እስክሪብቶውንም ሰጠሁት። አልፈረመም። መልሶ ለእኔ ሰጠኝ።

«ጠባሳውን ሥሪልኝ» አለ። «በሁሉም ላይ። በግራ በኩል ነው።»

ሥዕል አልችልም። ካርዱ የክብሪት ቀፎ ያክላል። ተጠንቅቄ በእያንዳንዱ ካርድ ከግራው ቅንድብ በላይ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ስጨርስ ጣቱን እየያዝኩ ቦታውን አሳየሁት፤ አሥራ ሁለቱንም ፈረመ። ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ፖስታ ቤት አስገባኋቸው።

ከአሥር ቀን በኋላ ካርዶቹ ተመልሰው መጡ። የሌዮኑ ሰው በትሕትና ጽፏል። ጠባሳው ከካርዱ በኋላ የመጣ መሆኑ እንደገባው፣ ነገር ግን ጭረት ያለበትን ካርድ አባላቱ አልበማቸው ውስጥ እንደማያስገቡት ገልጾ፣ ንጹሕ የሆኑ ሌሎች አሥራ ሁለት ልኳል። ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩለት። እስክሪብቶ ጠየቀኝ፤ ጣቱን ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት፤ አሥራ ሁለቱን ፈረመ።